ብስኩት የገባበት ሚልክሼክ በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

ሚልክሼክ ከወተትና ከአይስክሬም በአንድነት ተመትቶ የሚዘጋጅ፣ እጅግ ቀዝቃዛና ወፈር ያለ መጠጥ ነው። ስያሜው ከእንግሊዝኛ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ቃል በቃል ሲፈታ «የተወዘወዘ ወተት» ወይም «የተናጠ ወተት» ማለት ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ ሁለተኛው ፍች አማርኛ ተናጋሪውን ሊያሳስተው ይችላል። በእኛ ዘንድ ወተት ተናጠ ሲባል እርጎው በቅል ውስጥ ገብቶ ለረዥም ጊዜ ሲገፋ ቅቤው ከአሬራው ተለይቶ ወጣ ማለት ነው፤ የመናጥ ዓላማው መለየት ነው። ሚልክሼክ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ውሃው፣ ቅባቱ፣ ጥቃቅኑ በረዶና አየሩ ሳይለያዩ ተያይዘው እንዲቆዩለት ይሻል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «መናጥ» የሚለውን ግሥ ትተን፣ ስለ እንቁላል ስንናገር እንደምንለው «መምታት» በሚለው እንጠቀማለን።

የሚልክሼክ ዓይነቱ ብዙ ነው። እንጆሪ፣ ሙዝ፣ ቸኮላት ወይም ቡና ሊገባበት ይችላል። እዚህ ላይ የምናየው በአሜሪካ «ኩኪስ ኤንድ ክሪም» እየተባለ የሚጠራውን፣ ማለትም በነጭ ክሬም የተጣበቀ ጥቁር የቸኮላት ብስኩት ተሰባብሮ የሚገባበትን ነው። ይህን ዓይነት የመረጥንበት ምክንያት ሥራው ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ ነው። ሙዝ ቢበዛም ቢያንስም ሙዝ ነው፤ ብስኩት ግን በወተት ውስጥ ጥቂት ከቆየ ሊጥ ይሆናል።

መጠጡ የተወለደው በአሜሪካ ነው። ስሙ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጽሑፍ መታየት ሲጀምር የሚያመለክተው ውስኪና እንቁላል የሚገባበትን፣ ለአዋቂዎች ብቻ የሚቀርብ መጠጥ ነበር። ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አልኮሉ ቀርቶ የቸኮላት፣ የእንጆሪና የቫኒላ ሽሮፕ ገባበት። በ1922 እ.ኤ.አ. በችካጎ ከተማ በዎልግሪንስ መድኃኒት ቤት ይሠራ የነበረው ኢቫር ኩልሰን በብቅል ዱቄትና በቸኮላት ሽሮፕ በሚዘጋጀው የወተት መጠጥ ላይ ሁለት ጭልፋ የቫኒላ አይስክሬም ጨመረበት፤ ወፍራሙ ሚልክሼክ ከዚያ በኋላ በየስፍራው ተስፋፋ። መጠጥ በመድኃኒት ቤት መሸጡ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። በዚያ ዘመን ግን የአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች ለስላሳ መጠጥ የሚቀዳበት ረዥም ባንኮኒ ነበራቸው፤ ወጣቶች የሚቀጣጠሩትም እዚያ ነበር። በዚያው በ1922 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ግዛት በራሲን ከተማ ይኖር የነበረው የፖላንድ ተወላጅ ስቲቨን ፖፕላውስኪ ከሥሩ የሚሽከረከር ምላጭ ላለው መምቻ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እንዲሰጠው አመለከተ። ዛሬ ብሌንደር የምንለው ዕቃ የዚያ ልጅ ነው።

ጥቁሩ ብስኩት ከመጠጡ ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው። ሃይድሮክስ የተባለው ብስኩት በ1908 እ.ኤ.አ.፣ ኦሪዮ ደግሞ በ1912 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረቡ። ሃይድሮክስ ቀዳሚው ሆኖ ሳለ ኦሪዮ በዝና ስለበለጠው ብዙ ሰው ቀዳሚውን የተከታዩ ቅጂ አድርጎ ይቆጥረዋል። ብስኩቱን በአይስክሬም ውስጥ መጀመሪያ የቀላቀልን እኛ ነን ከሚሉት አንዱ የሳውዝ ዳኮታ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ሥራው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ መከናወኑን ይናገራል። ሌሎች የአይስክሬም ድርጅቶችም የየራሳቸውን የይገባኛል ጥያቄ ያቀርባሉ። ክርክሩ ቢቋጭም ባይቋጭም ለብርጭቆው የሚጨምርለት ነገር ስለሌለ ወደ ሥራችን እንለፍ።

በመጀመሪያ ስለ ወተቱ እንናገር። ከሁሉም አስቀድሞ ልታስቡበት የሚገባው ነገር ጣዕሙ ሳይሆን ደኅንነቱ ነው። ምክንያቱም ሚልክሼክ ሲዘጋጅ ምንም ነገር እሳት አይነካውም። ወጥ ወይም ሻይ ሲሆን በወተቱ ውስጥ የነበረ ተሕዋስ ሁሉ ከምድጃው ላይ ይሞታል፤ እዚህ ግን ወደ መፍጫው የገባው ሁሉ ወደ ሆድ ይገባል። ታሽጎ የሚሸጠው የፋብሪካ ወተት ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ባስገኘው ዘዴ የታከመ ነው። ይህም ወተቱን በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ አሙቆ ፈጥኖ ማቀዝቀዝ ነው። ከጎረቤት ወይም ከገበያ በጣሳ የሚገዛው ጥሬ ወተት ግን እንዲህ ያለውን ሕክምና አላገኘም። ከታመመች ላም የመጣ እንደሆነ የከብት ሳንባ ነቀርሳን፣ እንዲሁም ሰውን ለወራት በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያሠቃየውን ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላል። «በረዶ ቤት ስለሚገባ ተሕዋሱ ይሞታል» የሚለው አነጋገር ፍጹም ስሕተት ነው። ብርድ ተሕዋስን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ እንዲያውም ሊስቴሪያ የተባለው በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ሳይተኛ ቀስ እያለ ይራባል።

ስለዚህ ጥሬ ወተት ያለው ሰው አስቀድሞ ያፍላው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወተትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህ አያሳስባችሁ፤ ከላይ ከተጠቀሰው ከ72 ዲግሪ እጅግ የራቀ ነውና። ወተት ሲፈላ ለምን እንደሚገነፍል ታውቃላችሁን? በላዩ የሚጋገረው ስልባቦት እንፋሎቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ እንፋሎቱ ከሥር እየተጠራቀመ ሄዶ በመጨረሻ ስልባቦቱን አንሥቶ ከነወተቱ ያፈሰዋል። በማማሰያ ዘወትር ቢማሰል ይህ አይደርስም። ወተቱ ከፈላ በኋላ ተከድኖ እንዲበርድ ይተውና ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ በማግስቱ ለሥራ ይደርሳል። ስልባቦቱ ብዙ ቅባት ያለበት ስለሆነ መጣል አይገባውም፤ ምላጩ አድቅቆ ከቀረው ጋር ያዋሕደዋል። በወይራ በታጠነ ዕቃ የተቀመጠ ወተት ግን ለዚህ ሥራ አትምረጡ። የወይራው ጢስ ለእርጎ ግርማ የሚሰጠውን ያህል ከቫኒላና ከቸኮላት ጋር ይጣላል።

ወተቱ ምን ያህል መቀዝቀዝ አለበት? ይህን በሒሳብ ማየት ይጠቅማል። አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ የሚጠፋው ሙቀት አንድ ግራም ውሃን ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚጠፋው ጋር እኩል ነው። 120 ግራም ወተት ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ በ20 ዲግሪ ሙቀቱ ወደ መፍጫው ቢገባ፣ እስከ 0 ዲግሪ ሲበርድ ብቻ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ በረዶ ያቀልጣል። ያው ወተት ከማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ቢመጣ የሚያቀልጠው 6 ግራም ገደማ ነው። በወፍራሙና በቀጭኑ ሚልክሼክ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ብዙ ሰዎች ግን መጠጡ ሲቀጥንባቸው ጥፋቱን በአይስክሬሙ ወይም በመፍጫው ላይ ያላክካሉ።

አሁን ወደ አይስክሬሙ እንምጣ። አይስክሬም ለዓይን አንድ ወጥ ነገር ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ለሚያየው ግን የአራት ነገሮች ስብስብ ነው። እነርሱም ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች፣ የቅባት እንክብሎች፣ የአየር አረፋዎችና ሌላው ሁሉ ሲረጋ ሳይረጋ የሚቀር የስኳር ሽሮፕ ናቸው። ስኳር የውሃን የመርጊያ ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ የቤት ፍሪዘር በሚሠራበት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንኳ ከአይስክሬሙ ውሃ ጥቂቱ ሳይረጋ ይቀራል። አይስክሬም እንደ በረዶ ድንጋይ ሳይሆን ማንኪያ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። የበረዶው ቅንጣት እጅግ ትንሽ ሲሆን ምላስ ልስላሴ ብቻ ይሰማዋል፤ ቅንጣቱ ሲያድግ ግን እንደ አሸዋ ይሻክራል።

አየሩ ከሚገመተው በላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ አንድ ጋሎን አይስክሬም ከ4.5 ፓውንድ እንዳያንስ ያዛል፤ ይህም ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ በሊትር 540 ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ 1,000 ግራም እንደሚመዝን ካሰባችሁ፣ ርካሹ አይስክሬም እስከ ግማሹ ድረስ አየር መሆኑን ትረዳላችሁ። አየር ሲመታ ያመልጣል፤ ስለዚህ አየር የበዛበት አይስክሬም በመፍጫው ውስጥ ተመትቶ ሲያበቃ መጠኑ በጣም ቀንሶ ይገኛል። ገበያ ስትሄዱ እኩል ስፋት ያላቸውን ሁለት ዕቃዎች በሁለት እጃችሁ አንሥታችሁ መዝኑና ከባዱን ምረጡ። ከማስታወቂያውም ከሥዕሉም ይልቅ የሚታመነው ይህ ሚዛን ነው። ጣዕሙ የቫኒላ ይሁን፤ የቸኮላት አይስክሬም የብስኩቱን ጣዕም ይውጠዋል።

እዚህ ላይ ስለ መብራት መጥፋት አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ አይስክሬሙ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ በኋላ መልሶ ቢረጋ፣ ጥቃቅኑ ቅንጣት ተሰብስቦ ትልልቅ በረዶ ይሆናል፤ አየሩም አምልጦ ከላዩ ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህ የጣዕም ጉዳት ነው። የሚብሰው ጉዳት ግን ሙቀት ባገኘበት ሰዓት ተሕዋስ ተራብቶበት ሊሆን መቻሉ ነው። በመክደኛው ውስጥ ወፍራም የበረዶ ሽፋን ካያችሁ፣ ወይም ዕቃው አንድ ወገን አዘንብሎ የረጋ ከሆነ፣ አይስክሬሙ በመካከል ቀልጦ እንደነበር ምልክት ነውና ለባለ ሱቁ መልሱለት።

ሦስተኛው ብስኩቱ ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው አሲድነቱ በአልካሊ ከተወገደ ካካዎ ነው፤ ይህን አሠራር በ19ኛው መቶ ዓመት ያስገኘው ሆላንዳዊው ኩንራድ ቫን ሃውተን ነው። እንዲህ ያለው ካካዎ ምሬቱ የለዘበና ቀለሙ የጠቆረ ስለሆነ ከነጩ ወተት ጋር ሲገናኝ ያን የታወቀውን ግራጫ መልክ ይሰጣል። የታወቀው የውጭ አገር ብስኩት ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከበዛ፣ ሁለት ጥቁር ብስኩት በነጭ ክሬም የተጣበቀ ማንኛውም ዓይነት ይበቃል። ተራ የሻይ ብስኩት ግን አይተካውም፤ ቶሎ ይረጥባል፣ ቀለምም አይሰጥም።

ብስኩት ከዱቄት የተሠራ ነውና የዱቄቱ ስታርች ውሃ ይጠጣል። ይህ ጠባዩ ጥቅምም ጉዳትም አለው። በጣም የደቀቀው ብስኩት ውሃውን መጥጦ መጠጡን ያወፍረዋል፣ ጣዕሙንም በሙሉ ያሰራጫል። በሌላ በኩል ግን ጥርስ የሚያገኘው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ብስኩቱ በሁለት ይከፈላል። ገሚሱ ከአይስክሬሙ ጋር ይመታል፤ ገሚሱ በመጨረሻ ይጨመራል። የመጨረሻው ክፍል በሙቀጫ ውስጥ በዘነዘና ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ መታ መታ ተደርጎ የምስር ፍሬ እስኪያህል ይሰባበር። ሙቀጫው ቀደም ሲል በርበሬ ወይም ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦበት ከሆነ ግን ይቅር፤ ብስኩቱን በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ጠርሙስ ብታንከባልሉበት ይሻላል።

ለሁለት ብርጭቆ የሚያስፈልገው መጠን ይህ ነው። 300 ግራም ያህል የቫኒላ አይስክሬም፣ ማለትም ሚዛን ለሌለው የግማሽ ሊትር ዕቃ ሙሉ፤ 120 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት፤ እያንዳንዱ 11 ግራም ገደማ የሚመዝን ስድስት ብስኩት፤ በሁለት ጣት ጫፍ የምትያዝ ቅንጣት ጨው። ጨዋ ለምን አስፈለገች ትሉ ይሆናል። ጨው በእንዲህ ያለ አነስተኛ መጠን ራሱ ሳይታወቅ የቸኮላቱን ጣዕም ያጐላዋል። ስኳር መጨመር ግን አያስፈልግም።

ሥራው ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ብርጭቆዎቹን በፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አይስክሬሙን ደግሞ ከመምታታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ቀድማችሁ አውጡት። ይህ ከላይ ስለ ብርድ ከተናገርነው ጋር የሚቃረን ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ድንጋይ የጠነከረ አይስክሬም ምላጩን ስለሚያቆመው መፍጫውን ለረዥም ጊዜ እንድታንቀሳቅሱት ያስገድዳችኋል፤ የመፍጫው መሽከርከር ደግሞ ራሱ ሙቀት ነው። ጥቂት የለዘበ አይስክሬም በአጭር ጊዜ ተመትቶ ሲያልቅ በመጨረሻ የሚገኘው መጠጥ ይበልጥ የቀዘቀዘ ይሆናል።

ከዚያም አስቀድማችሁ ወተቱን ወደ መፍጫው ጨምሩ። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አይስክሬሙ ቀድሞ ቢገባ ከሥር ተጣብቆ ምላጩ በባዶ አየር ውስጥ ይሽከረከራል፤ ወተቱ ከሥር ሲኖር ግን አዙሪት ፈጥሮ ከላይ ያለውን ወደ ታች ይስበዋል። በወተቱ ላይ ሦስቱን ብስኩትና ጨውን፣ በመጨረሻም አይስክሬሙን አግቡ። መክደኛውን በእጃችሁ ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ መፍጫውን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሡ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ አሽከርክሩና አቁሙት፤ ዳግመኛ አሽከርክሩና አቁሙት። በመካከሉ ከጎኑ የተጣበቀውን በእንጨት ማንኪያ ወደ ታች መልሱ፤ ይህን ስታደርጉ ግን መፍጫው ከኤሌክትሪኩ መሰኪያ የተነቀለ ይሁን። መቆሙ ብቻ አይበቃም፤ ጣት በስሕተት ማብሪያውን ሊነካ ይችላልና።

ድምፁን አዳምጡ። መጀመሪያ የሚያጓራውና የሚንገጫገጨው መፍጫ፣ አይስክሬሙ ሲላላ ድምፁ እየለሰለሰና እየቀጠነ ይሄዳል። ድምፁ አንድ ወጥ ሲሆን አቁሙ። በጠቅላላው ከግማሽ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ብዙ በተመታ ቁጥር የሚለሰልስ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ በዚህ መጠጥ ግን ብዙ መምታት ማቅለጥ ነው። ከዚህ በኋላ የተሰባበረውን ቀሪ ብስኩት ጨምራችሁ በማንኪያ ብቻ አዋሕዱትና ወደ ቀዘቀዙት ብርጭቆዎች ገልብጡ። ጥቂት ፍርፋሪ ለላዩ ማስቀረት መልካም ነው።

በትክክል የተሠራ ሚልክሼክ ከመፍጫው ሲገለበጥ እንደ ውሃ አይወርድም፤ እንደ አጥሚት በዝግታ ይንሸራተታል። በማንኪያ ቢነሣ ጥቂት ቆይቶ ይንጠባጠባል። እጅግ ወፍሮ መምጠጫው ካልሳበው አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምራችሁ አማስሉት። የቀጠነ እንደሆነ ግን አርሙ የሚባል ነገር አስቸጋሪ ነው። ብዙዎች በረዶ ይጨምሩበታል፤ ይህ ግን ከችግር ወደ ባሰ ችግር መሸሽ ነው። በረዶ ውሃ ነው፤ ቅባት የለውም፣ ስኳር የለውም፤ ሲቀልጥ መጠጡን ያቀጥነዋል፣ ሳይቀልጥም በጥርስ መካከል ይንቋቋል። ተጨማሪ አይስክሬም ካለ እርሱን ጨምሩ፤ ከሌለም መፍጫውን ከነመጠጡ ለሃያ ደቂቃ ያህል በፍሪዘር ውስጥ አቆዩትና በማንኪያ አማስላችሁ አቅርቡት።

አይስክሬም በማይሸጥበት ከተማ የምትኖሩ ተማሪዎች «ይህ ለእኛ አይሆንም» ትሉ ይሆናል። ክሬምና በረዶ እስካገኛችሁ ድረስ ግን ያለ ፍሪዘርም አይስክሬም መሥራት ይቻላል። ናንሲ ጆንሰን የተባለች የፊላደልፊያ ሴት በእጅ የሚሽከረከር የአይስክሬም መሥሪያ አስመዝግባ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘችው በ1843 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በየቤቱ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አልነበረም። የአሠራሩ ምሥጢር ጨው ነው። ጨው በበረዶ ላይ ሲነሰነስ የመርጊያ ነጥቡን ዝቅ ስለሚያደርግ በረዶው መቅለጥ ይጀምራል። ለመቅለጥ የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚያገኘው ግን ከራሱና በአጠገቡ ካለው ነገር ነጥቆ ነው። በዚህ ምክንያት ቅዝቃዜው እየጨመረ ሄዶ ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

250 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ ያንኑ ያህል የፈላና የበረደ ወተት፣ 100 ግራም ስኳርና ጥቂት ቫኒላ አዋሕዳችሁ፣ ንጹሕ በሆነና በደንብ በሚገጥም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩ። ቆርቆሮውን በባልዲ መካከል አቁሙና ዙሪያውን በተሰባበረ በረዶና በጨው ሙሉት፤ ልኩ ለሦስት እጅ በረዶ አንድ እጅ ጨው ነው። ጨው ድፍኑ ይሻላል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተቆረጠ የሚመጣውና በጥንት ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ተሰባብሮ ቢገባ ከደቃቁ የወጥ ጨው የበለጠ ሥራ ይሠራል፤ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ቅዝቃዜው ይቆያል። ቆርቆሮውን በየጊዜው ወዲያና ወዲህ እያዞራችሁ፣ በየአምስት ደቂቃው ከፍታችሁ ከጎኑ የረጋውን ወደ መካከል እየፋቃችሁ አማስሉ። በማማሰል ላይ ችላ ካላችሁ በረዶው በትልልቁ ይረጋል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ለስላሳ አይስክሬም ይሆናል፤ ለሚልክሼክ ደግሞ የሚፈለገው ይህ ለስላሳው ነው። ክሬሙን አስቀድማችሁ ለብቻው የምትመቱት ከሆነ ግን ልካችሁን እወቁ። ሲያብጥና ቅርጽ ሲይዝ ካላቆማችሁ እንክብሎቹ ይያያዙና ቅቤ ይወጣዋል፤ በመግቢያችን ላይ ወደ ተውነው ወደ መናጥ ተመለሳችሁ ማለት ነው። ጨዋማውን ውሃ ከአትክልት ሥር አትድፉት፤ ያደርቀዋል።

ብሌንደር የሌለው ሰውም ሰፊ አፍና ጠንካራ መክደኛ ባለው ማሰሮ መሰል ብልቃጥ ውስጥ ለዘብ ያለውን አይስክሬም፣ ወተቱንና በሙቀጫ የደቀቀውን ብስኩት ጨምሮ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ሁለት ደቂቃ በኃይል ቢወዘውዘው ጥሩ ውጤት ያገኛል። መጠጡ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ይህ መጠጥ የዘወትር ምግብ አይደለም። በተጠቀሰው መጠን በተሠራ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ወደ 40 ግራም የሚደርስ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቅዝቃዜ ምላስን ስለሚያደነዝዝ ጣፋጭነቱ በሙሉ አይታወቅም። ይህን ለማረጋገጥ ከብርጭቆው ጥቂት አስቀርታችሁ ከቀለጠና ከሞቀ በኋላ ቅመሱት፤ ሽሮፕ ይመስላችኋል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ማቅረብ አይገባም። እንዲሁም በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ብዙዎቹ በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ሆዳቸው ይነፋል። እርጎ የማያስቸግራቸው ወተት ግን የሚያስቸግራቸው ዘመዶች ካሏችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እርጎ ሲረጋ ከላክቶሱ ከፊሉ ወደ አሲድ ይለወጣልና። እንግዳ ስትጋብዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጾም ቀን ደግሞ ከጭማቂ ቤቶቻችን የሚቀዳው፣ ሎሚ ጠብ የተደረገበት የአቮካዶ ጭማቂ አለ፤ እርሱ ውፍረቱን የሚያገኘው ከበረዶና ከአየር ሳይሆን ከፍሬው ቅባትና ከሥጋው ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ቢቆይ እንኳ አይቀጥንም።

ሚልክሼክ ግን አይቆይም። ከተገለበጠ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አረፋው ከላይ፣ ወተቱ ከታች ይለያያል፤ ብስኩቱም ይረጥባል። ስለዚህ መፍጫውን ከማስነሣታችሁ በፊት ጠጪዎቹ ተሰብስበው፣ ማንኪያውና ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው መምጠጫ በጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ብርጭቆ ሞልቶ የተረፈውን በአሜሪካ ምግብ ቤቶች እንደሚደረገው በተመታበት ዕቃ ውስጥ እንዳለ ከብርጭቆው ጎን ማቅረብ ይቻላል። መፍጫውን ወዲያው አለቅልቁት፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና። ሙቁ ውሃ ቀድሞ ከነካው የወተቱ ፕሮቲን ከምላጩ ሥር ይጋገርና በማግስቱ ለመፋቅ ያስቸግራል።